የሚናገር መሣሪያና የሚያዳምጥ መምህር

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ጤፍ በሚጭኑ መኪኖች ይሁን እንጂ፣ መኪና ሳይታሰብ፣ መንገዱም ገና የእግር ጎዳና ሳለ፣ ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ ያነገቱ ተማሪዎች ከየሀገሩ እየመጡ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን፣ መርጡለ ማርያምን ፍለጋ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊውን ትምህርት ከመቅሰማቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ተቀምጠው የተማሩት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ምድር ነው። ስለዚህ የዚህ ሀገር ሰው ስለ ትምህርት በሚነጋገርበት ጊዜ፣ ነገሩን ከባሕር ማዶ መጥቶ ትናንት እንደ ተዋወቀው እንግዳ ሊያየው አይገባም፤ ማስተማር ማለት ምን እንደ ሆነ፣ መማርም ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከአባቶቹ የወረሰው ሚዛን አለውና፣ አዲስ የሚመጣውን ሁሉ በዚያ ሚዛን ሊመዝነው መብትም ግዴታም አለበት።

አዲስ የመጣውም ነገር ጥቂት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን የሀገር ስልት አጸደቀ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ በየተማሪው እጅ ሳይደርስ፣ ቅጂው በስልክ፣ በተለይም በቴሌግራም፣ ከመምህር ወደ መምህር፣ ከተማሪም ወደ ተማሪ ይተላለፍ ጀመር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ፤ በዚያው ዓመት ክረምት አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን የኮምፒዩተር ሙያ ለማስተማር የታቀደው መርሐ ግብር ተከፈተ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሲጠይቁት የሚመልስ፣ ሲያዝዙት የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ጥበብ በማናቸውም ዘመናዊ ስልክ ላይ ተገኝቷል። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ይግባ ወይስ አይግባ የሚል አይደለም፤ ገብቷልና። ጥያቄው በማን ሥር ይግባ፣ በክፍል ውስጥም የማንን ሥራ ያግዝ፣ የማንንስ ሥራ ይንጠቅ የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ወደ መማሪያ ክፍል የሚገባ ማንኛውም መሣሪያ የሚመዘነው በሚያሳየው ሥዕል ውበት ወይም በሚይዘው ዕውቀት ብዛት ሳይሆን፣ መምህሩ የተማሪውን አሳብ ከቀድሞው አብልጦ እንዲሰማና ስሕተቱንም ከቀድሞው ፈጥኖ እንዲያርም በማስቻሉ ነው። ይህን የሚያደርግ ቢሆን ዋጋው ትንሽ፣ መልኩም ተራ የሆነ መሣሪያ ለትምህርት በረከት ነው፤ ይህን የማያደርግ ከሆነ ግን ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት የክፍል ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ይህንን ሚዛን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የቅኔ ቤት ሥርዓት በግልጥ ያስተምረናል። ጀማሪው ተማሪ ግስ ሲያወርድ ይሰነብትና፣ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በደረጃ እየወጣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል፤ ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው የሚያልፈውም የዓመቱ ቁጥር ስለ ሞላ ሳይሆን፣ ያለበትን ደረጃ ስለ ቻለ ነው። መምህሩ ማታ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ግን ያንን አጥንቶ በመድገም ብቻ አይመሰገንም፤ በማግሥቱ ከዛፍ ሥር ወይም ከመስክ ዳር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሰዋስዉ ቢፋለስ፣ ቤቱ ቢሰበር፣ ምሥጢሩ ቢጎድል፣ እርማቱን እዚያው፣ በዚያው ሰዓት ይቀበላል። የተማሪው ቁጥር ከመምህሩ አቅም በላይ በሆነ ጊዜም፣ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም በአንድ ላይ በመናገር ፈንታ፣ የበሰሉትን ተማሪዎች አስነጋሪ አድርጎ ጆሮውን ያበዛል።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ነውር የሌለበት ለማስመሰል አይደለም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ሴቶች ልጆችን ከሞላ ጎደል ከደጅ ያስቀረ፣ ተማሪውንም ለረኀብና ለውሻ ንክሻ የዳረገ፣ ዱላም ያልራቀው እንደ ነበር የሚካድ አይደለም። ሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስን ለማስተማርም የተደራጀ አልነበረም። ነገር ግን የዛሬው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አጥቶት የሚፈልገው ነገር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተማሪ በደረጃው መስጠት፣ እያንዳንዱንም አዳምጦ ወዲያው ማረም፣ በዚያ ቤት ውስጥ የዕለት ሥራ ነበረ።

አሁን ከዚህ ሚዛን ጋር የመሣሪያውን ታሪክ እናስተያይ። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ በ1958 ዓ.ም. ግድም ለትምህርት መዋል ጀመረ፤ የትምህርት ራዲዮም ተከትሎ ከከተማ ርቀው ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ድምፁን አሰማ። እነዚህ መገናኛዎች መምህሩን የሚያግዙ ተጨማሪዎች ሆነው ቆዩ። ሥር የሰደደው ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የትምህርት ሚኒስቴር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በሳተላይት በሚተላለፍ ቴሌቪዥን ማስተማር ጀመረ፤ ሕዝቡም ነገሩን «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ትምህርቱ የተቀዳው በደቡብ አፍሪካ፣ የሚነገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከመካከለኛ ከተማ እስከ ሩቅ ወረዳ ድረስ፣ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ሰፊ የቴሌቪዥን መስኮት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ መብራት ባልደረሰበትም ጄነሬተር ተተከለ።

የዚህ ሥራ መነሻ አሳብ የሚናቅ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲበዙ፣ ፊዚክስንና ሒሳብን አጥርቶ የሚያስተምር መምህር በየወረዳው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። በአዲስ አበባ የተቀመጠው ልጅና ከጮቄ ተራራ ሥር የተወለደው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት ያገኛሉ የሚለው አሳብም ፍትሕን የሚወድ ሰው ሁሉ የሚቀበለው ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲካሄድ፣ የሰው ልብም ሲመታ በዓይኑ ማየቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ በፕላዝማ ዘመን የተማሩ ብዙዎች ይህንን ዛሬም በምስጋና ያነሣሉ።

ይሁን እንጂ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የሚይዘው መስኮቱ ስለ ነበረ፣ መምህሩ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ መግቢያ ተናግሮ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለያ ሰጥቶ፣ በመካከል ቆሞ የሚመለከት ሆነ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል፤ ከዚያም መልሱን ራሱ ተናግሮ ይቀጥላል። ተማሪው ይመልስ አይመልስ፣ ይሳሳት አይሳሳት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የእንግሊዝኛው አነጋገር ለጆሮው እንግዳ የሆነበት፣ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ ገና 9ኛ ክፍል የገባ የገጠር ልጅ፣ ጽሑፉን ከመስኮቱ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ ገጹ ያልፍበታል። መብራት ጠፍቶ የዛሬው ትምህርት ቢያመልጥም፣ ነገ የሚቀርበው የነገው ትምህርት እንጂ የዛሬው አይደለም፤ ሥርጭቱ ለሀገሩ ሁሉ አንድ ነውና ማንንም አይጠብቅም። የሀገራችን የትምህርት ተመራማሪዎችም በየጊዜው ያመለከቱት የፍጥነቱን ብዛት፣ የቋንቋውን ክብደትና የመምህሩን ከሥራው መገፋት ነበር። ኋላ ትምህርቱን በሳተላይት ብቻ ከማሰራጨት ይልቅ በየትምህርት ቤቱ አከማችቶ በመምህሩ ፈቃድ ማሳየት መታሰቡ፣ ጉድለቱ የት እንደ ነበረ የሚመሰክር ነው።

በእኔ አስተያየት የፕላዝማ መሠረታዊ ጉድለት የመብራትም የሳተላይትም አልነበረም፤ እነዚያ በገንዘብና በጊዜ የሚቃኑ ናቸው። መሠረታዊው ጉድለት መምህሩ እንደ ሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት ተቆጥሮ በእርሱ ላይ ተዘልሎ ወደ ተማሪው ለመድረስ መታሰቡ ነው። መምህር የሚጎድልበትን ዕውቀት በማሟላት ፈንታ በላዩ ላይ ሌላ አስተማሪ ተሾመበት፤ ከተማሪውም ፊት ማዕረጉ ዝቅ አለ። ማዕረጉ የተዋረደ መምህር ደግሞ ተማሪውን ለማዳመጥ ልብ አይኖረውም።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የሌላው ዓለም ታሪክ ያስረዳል። ፔሩ ለየሕፃኑ አንድ ላፕቶፕ ለመስጠት ባሰበችበት ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ገዝታ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ላከች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ባለሙያዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጡ፣ ሕፃናቱ ኮምፒዩተሩን መጠቀም መልመዳቸውን፣ በሒሳብና በቋንቋ ዕውቀት ግን ካልተሰጣቸው ሕፃናት ብልጫ አለማሳየታቸውን አስታወቁ። ማረሻ ገዝቶ አራሽ ያላሰናዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርት አይጠብቅም። በእኛም ሀገር፣ በዚያው ዓመት፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በሣጥን የታሸጉ ታብሌቶች ያለ መምህር ተሰጥተው ነበር፤ ሕፃናቱ መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር እየዘመሩ መገኘታቸው በዓለም ሁሉ ተወራ። ይህም የሕፃናቱን የአእምሮ ብሩህነት የሚመሰክር፣ ልብንም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን የፊደልን ዜማ ማወቅ አንብቦ ወደ ማስተዋል ለመድረስ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነው።

በአንጻሩ መልካም ፍሬ ያፈሩት ሥራዎች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ የተጀመረው የሒሳብ ትምህርት በራዲዮ፣ ከራዲዮ የተወደደ መሣሪያ ሳይጠቀም፣ ሕፃናቱን በየደቂቃው እየጠየቀ፣ ለመልሳቸውም ሆነ ለሥራቸው ዝም ብሎ እየጠበቀ፣ መምህሩንም በክፍል ውስጥ የሥራው ባለቤት አድርጎ በማስቀመጡ ተሳክቶለታል። በሕንድ ሀገር በዴልሂ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 በጥናት የተፈተነው ሥራ ደግሞ ተማሪውን በዕድሜው ካለበት ክፍል ሳይሆን በዕውቀቱ ካለበት ደረጃ እየተነሣ ጥያቄ የሚያቀርብለት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነበር፤ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሒሳብና በሕንድኛ ትልቅ መሻሻል አሳየ። በዚያ የዴልሂ ሥራ ተማሪው ግማሹን ጊዜ ከኮምፒዩተር ጋር፣ ግማሹን ጊዜ ግን በትንሽ ቡድን ሆኖ ከሰው አስተማሪ ጋር ያሳልፍ እንደ ነበር ልብ ማለት ይገባል። ይህንን ከቅኔ ቤት ሥርዓት ጋር የሚያስተያይ ሰው፣ ደረጃ በደረጃ መውጣት፣ ወዲያው መታረም፣ በአስነጋሪ መታገዝ የተባሉት ሦስቱ ነገሮች በሌላ ልብስ ተሸፍነው እንደ ተመለሱ ያያል።

ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ይህን አሳብ ችላ ለማለት አይፈቅድም። የዓለም ባንክ ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አያስተውሉም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በተከታዩም ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሺህ በላይ በሚሆኑ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላለፈም። ይህ ቁጥር የሚያሳየን፣ ተማሪው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ማንም አዳምጦ «ይህን ገና አላወቅህም፤ ተመለስና ከዚህ ጀምር» ያላለው መሆኑን ነው።

የምሥራቅ ጎጃም ልጅ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ተጨምሮበታል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ቴሌቪዥን የሌለበት፣ ራዲዮውም አንድ ሆኖ የቤቱ ሁሉ የሆነበት የገበሬ ልጅ ከዚያ ማዕድ የደረሰው ፍርፋሪ ነው። ቀጥሎ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። በቴሌግራም ይደርስ የነበረው መጽሐፍ በዚያ ወቅት የማይደርስ ሆነ። ስለዚህ በጉንደ ወይን ላለ ትምህርት ቤት የሚታቀድ ማናቸውም የመሣሪያ አገልግሎት፣ ኔትወርክ ይኖራል፣ መብራትም አይጠፋም ብሎ ከጀመረ፣ ከመጀመሪያው የከሸፈ ነው።

የፈተናውም ነገር የፍትሕ ጥያቄ አለበት። ፈተናን በኮምፒዩተር መስጠት ስርቆትን ለመከላከል፣ እርማትንም ለማፋጠን መልካም ዘዴ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን በዘመኑ ሁሉ የኮምፒዩተር ቁልፍ ሰሌዳ ሳይነካ ኖሮ በፈተናው ዕለት ከኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጥ ልጅ፣ ከቤቱ ኮምፒዩተር ካለው የከተማ ልጅ ጋር እኩል ተፈተነ ሊባል አይችልም። መንግሥት ፈተናውን ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር፣ ተፈታኙ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ ትምህርት ቤቱ የሚለማመድበትን መሣሪያ አስቀድሞ ማቅረብ ይገባዋል፤ አለዚያ የሚፈተነው ዕውቀቱ ሳይሆን የትውልድ ቦታው ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በቅድሚያ በኢንተርኔት ላይ ያልተንጠለጠለ ሥርዓት ያስፈልጋል። ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ኮምፒዩተር የትምህርት መጻሕፍትን፣ የቪዲዮ ትምህርቶችንና የጥያቄ ስብስብን ይዞ፣ በክፍሉ ውስጥ ብቻ በሚሠራ ዋይፋይ ለተማሪዎቹ ስልክና ታብሌት ማካፈል ይችላል፤ ኮሊብሪን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ኃይሉን ከፀሐይ ማግኘት ይቻላል። የይዘቱ መታደስም በየወሩ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር በፍላሽ ተይዞ ቢመጣ በቂ ነው። ይህ ዓይነቱ አሠራር መንገድ ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ በእጅ ያለውን ትምህርት አያሳጣም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በመጀመሪያ በመምህሩ ላይ ይዋል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአካባቢው አሉ፤ መምህሩን ለሦስት ቀን ሰብስቦ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ በመሸኘት ፈንታ፣ ዓመቱን ሙሉ በየትምህርት ቤቱ እየተገኙ፣ ከገዛ ትምህርቱ፣ ከገዛ ተማሪዎቹ ጋር እየሠሩ ሊያለማምዱት ይችላሉ። ስድሳ ተማሪ የተቀመጠበት ክፍል የሚያስተምር መምህር፣ በትምህርቱ መካከል አንድ ጥያቄ አቅርቦ የሁሉንም መልስ በአንድ ጊዜ ቢያይ፣ ሃያዎቹ ክፍልፋይን ከመደመር ላይ እንደ ተሰናከሉ፣ አሥሩ ደግሞ ጥያቄውን ከነቋንቋው እንዳልተረዱት በዚያው ደቂቃ ያውቃል። ያን ጊዜ ትምህርቱን ያዘገያል፤ የቻሉትን ተማሪዎች ላልቻሉት አስነጋሪ ያደርጋል፤ ሌሎቹን ለብቻ ያስቀምጣል። ይህን ለማድረግ የሚበቃው ጥቂት ስልክ ነው፤ ስልክም ባይገኝ፣ መልሱን በወረቀት ጽፎ ወደ ላይ ማንሣት ተመሳሳዩን ፍሬ ያስገኛል። ዋናው ነገር መምህሩ የተማሪውን መልስ መፈለግ መልመዱ ነው።

ሦስተኛ፣ የቋንቋ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ አማርኛ በኮምፒዩተር ላይ እንደ ሌሎች ልሳናት ሊጻፍ፣ ሊነበብና ሊፈለግ ችሏል። ነገር ግን በአማርኛ የተሰናዳ የሒሳብና የሳይንስ ይዘት ዛሬም እጅግ ጥቂት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጠው መልስም በአማርኛ ሲሆን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በማስረጃ ያልተደገፈውንም በሙሉ ድፍረት ይናገራል። የ7ኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው መልስ እውነት ይሁን ሐሰት የሚለይበት ዕውቀት ገና የለውም። ስለዚህ ይህ ጥበብ በቅድሚያ ከመምህሩ እጅ ይግባ፤ ጥያቄ ያዘጋጅለት፣ የእርማት ድካም ያቅልልለት፣ ምሳሌ ያብዛለት፤ መምህሩም መርምሮ ያጸደቀውን ለተማሪው ያቅርብ። ተማሪው ሳያስብ ተጽፎ የሚሰጠው ድርሰት ግን የሌላ ሰው ቅኔ ተውሶ ከጉባኤ እንደ መቆም ነውና፣ ትምህርት ሊባል አይችልም።

ይህንን ሲሰሙ «ደመወዙ የማይበቃው፣ የሚቀመጥበት ወንበር የጎደለው መምህር ባለበት ሀገር ስለ ኮምፒዩተር ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። የተናገሩት እውነትነት አለው፤ ሰላም፣ መጽሐፍ፣ ወንበርና የመምህሩ እንጀራ ከመሣሪያው ይቀድማሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የእኛን መዘጋጀት አይጠብቅም፤ በወላጁ ስልክ በኩል ከልጁ ዘንድ ደርሷል። ሥርዓት ካላበጀንለት ለመዝናኛና ለኩረጃ ይውላል፤ ሥርዓት ካበጀንለት ግን የመጽሐፉን ጉድለት በከፊል ይሞላል። የመምህሩን ደመወዝ የሚያሻሽልና መሣሪያውን በአግባቡ የሚያስገባ መንግሥት አንድ መሆን ይችላል፤ አንዱን ለሌላው ማዘግያ ምክንያት ማድረግ ግን ሁለቱንም ያሳጣል።

ስለዚህ ከእንግዲህ በትምህርት ሚኒስቴር፣ በክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ በረድኤት ድርጅቶችም ሆነ በውጭ ሀገር በሚኖሩ የሀገሩ ተወላጆች የሚታሰብ ስጦታና ግዢ ሁሉ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልስ፦ መሣሪያው ሲገባ መምህሩ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱን የሚሰጡትም ሻጩና ባለሥልጣኑ ብቻ ሳይሆኑ፣ በጉንደ ወይን፣ በቢቸናና በሞጣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆሙት መምህራን ይሁኑ። በ1997 ዓ.ም. ይህ ጥያቄ ለእነርሱ ቀርቦ ቢሆን፣ መስኮቱ ከመሰቀሉ በፊት መልሱን ይነግሩን ነበር፤ ዛሬ ሳንጠይቃቸው ብንቀር ግን በደሉ ባለማወቅ የተፈጸመ ነው ልንል አንችልም።